ተቆራርጠው የተላኩት ሽማግሌዎች

ይድነቃቸው ሶዶ ከተማ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ኔትወርክ ያስተምራል። ያስተምራል እንበል እንጂ ያዜማል። ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስለ ገመድና ስለ ምልክት ሲያንጎራጉር፣ አዲስ ተማሪ ጸሎት የተጀመረ መስሎት ብድግ ይላል።

ድሮ መስመሩ እንደ ኮንትራት ሚኒባስ ነበር ይላል፤ አንዱ ከያዘው ባዶውን ቢሄድ እንኳ ሌላ አይሳፈርበትም። ዛሬ ግን መልእክቱ ተቆራርጦ ፓኬት ይሆናል። እያንዳንዱ ቁራጭ ባገኘው መንገድ ይሄዳል፤ በየመገናኛው ወረፋ ይይዛል፤ ኋለኛው ፊተኛውን ቀድሞ ይደርሳል፤ መድረሻው ላይ ተሰብስቦ በየተራው ይሰካል። "መዘግየት ነውር አይደለም!" ይላል መምህሩ፣ አርፍዶ በገባ ቁጥር።

ይህ ሊቅ ናዝራዊትን ወደደ። ናዝራዊት ቦዲቲ ናት፣ የአቶ ቦልቴ ልጅ። ማታ ማታ እንዲህ እያለ ያዜምላታል፦

ቅርብ ነው ይሉኛል የቦዲቲ መንገድ፣
ልቤ መሽቶበታል ገና ሳይራመድ።

አባቷ ግጥም አልጠየቁም። "እሑድ ሽማግሌ ይላክ" አሉ። ችግሩ፣ ለዚያው እሑድ ከሰዓት አንድ ባለ ሲኖትራክም ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ነበር።

ይድነቃቸው ሦስት አባቶች ለመነ። ጋሽ አብርሃም ነገር ይከፍታሉ፣ ጋሽ ብሩ ልጅቷን ይጠይቃሉ፣ ቄስ ባሮክ ይመርቃሉ።

"ኮንትራት ያዝልና" አሉት ጋሽ ብሩ።

"ኮንትራት? በዚህ ዘመን? እያንዳንዳችሁ ባገኛችሁት ሂዱ። እዚያ ትገጣጠማላችሁ።"

"እኛን ነው እንደ ቁም ሣጥን?"

እሑድ ቤቱ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አፈጠጠ። መጀመሪያ የደወለችው ናዝራዊት ናት፤ ጓዳ ተደብቃ ታንሾካሹካለች።

"ቄሱ ብቻቸውን መጡ።"

"በጣም ጥሩ! ኋለኛው ቀደመ ማለት ነው።"

"ጥሩ? ቆመዋል እኮ! አባባ 'ይቀመጡ' ሲላቸው 'ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም' አሉ። 'ጉዳይዎ ምንድን ነው?' ቢላቸው 'እሱ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ እኔ መራቂ ነኝ' አሉት። የቀረበላቸው ምግብ፣ ሙቿው፣ በቅቤ እንደራሰ ቀዘቀዘ።"

ቀጥሎ ጋሽ ብሩ በባጃጅ ደረሱ። እሳቸውም ነገሩ ሳይከፈት አይጠይቁም። ከቄሱ ጎን ቆሙ።

ይድነቃቸው ወደ ጋሽ አብርሃም ደወለ። "የት ደረሱ?"

"ለቅሶ ላይ ነኝ።"

"ማን ሞተ?"

"አላውቅም፤ ድንኳን አይቼ ከሞተር ወረድኩ። ታዲያ አልፌ ልሂድ?"

እውነትም ወላይታ ላይ ሽማግሌ ለቅሶ አያልፍም። እስከ ቦዲቲ ደግሞ በዚያ ቀን ድንኳኑ አንድ አልነበረም። መምህሩ ይህን መዘግየት አስተምሮት አያውቅም፤ ላቡ ግን ያን ዕለት ጠንቅቆ አጠናው። ዜማውም ጠፋው።

ናዝራዊት እንደገና ደወለች፤ ድምጿ ተሰብሯል። "የባለ ሲኖትራኩ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስቱም ባንድ ኮንትራት፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው።"

"አለቀልኝ!"

"ቆይ ስማ።"

ስልኩን ወደ በሩ አስጠጋችው። የአቶ ቦልቴ ድምፅ ጎረነነ፦

"እንግዶች፣ ደጅ ጠብቁ። ቤቴ ውስጥ ሁለት አባቶች ጉዳያቸው ሳይሰማ ቆመዋል። የቆመ ሽማግሌ እያለ የሌላውን ብሰማ አገር ምን ይለኛል?"

"እስከ መቼ?" አለ አንዱ ከውጭ።

"እስኪገጣጠሙ ነዋ!"

ቄሱ እግር እየቀያየሩ ቆሙ፤ ጋሽ ብሩ ግድግዳ ተደገፉ። የኮንትራቱ ሹፌር ጥሩንባ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ፤ በመጨረሻ ሌላ ሥራ አለብኝ ብሎ ባለ ነጭ ጋቢዎቹን ጭኖ ሄደ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጋሽ አብርሃም አቧራ ለብሰው ገቡ። ነገር ከፈቱ። ጋሽ ብሩ ጠየቁ። አቶ ቦልቴ ልጃቸውን ጠርተው ፈቃዷን ሰሙ። ቄሱ መረቁ፤ ምርቃቱ አጭር ነበር፣ ከአሜን በፊት ተቀምጠው ነበርና።

ይድነቃቸው ሰኞ ክፍል ገብቶ፣ ሁሉን አስቀድሞ እንደቀመረ ሰው፣ የፓኬትን ድል አዜመ። አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ፦ "መምህር፣ ሠርጉ መቼ ነው?"

መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረ። የአማቱን መልእክት ቄስ ባሮክ እያነከሱ አድርሰውለታል፦ "ልጄን ሰጥቼዋለሁ። የሠርጉ ዕለት ግን ሙሽራው ከነሚዜው ባንድ ላይ ይምጣ። ኮንትራት ይያዝ።"