የሙቀቱ መስመር

አሰፋሽ መቀመጥ አልሆነላትም። ካርቲየ 5 በሚባለው የወደብ ከተማው ሰፈር ያለው ኢንተርኔት ቤት ከገባች ወዲህ ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ተቀምጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሟ ሙላው ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ ባለፈው ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ከነጆንያው ተዘርሮ፣ ውሃ ተደፍቶበት ነው የነቃው። እሷ እዚያው ወደብ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ቆጣሪ ናትና አለቃዋን ሙሴ ጀላሉዲንን፣ ሥራው ጎህ ሲቀድ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትከር ይቁም ብላ ለመነች። እሱ የድሬዳዋ ነጋዴ ነው፤ እንባ አይገዛም። ሙቀቱ ሥራውን እንደሚቀንስ ቅዳሜ ጠዋት በወረቀት አሳዪኝ፣ አለዚያ ሙላውም እንደ ወትሮው ይሸከማል አላት።

እናም ሐሙስ ከሰዓት፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል፣ ከመጋዘኑ ቴርሞሜትር በደብተሯ የለቀመችውን ሙቀትና ከቢሮው ቅጽ የገለበጠችውን የጆንያ ቁጥር ኤክሴል ላይ ደርድራ ግራፍ አወጣች። ጆንያው በሰዓት አራት መቶ፣ አምስት መቶ፤ ሙቀቱ አርባ ምናምን። የሙቀቱ መስመር ከሥር እንደ እንሽላሊት ተጋድሞ ቀረ። ይህን አይቶ ማን ሞቀ ይላል?

በተሰባበረ ፈረንሳይኛዋ አንድ የመጠያየቂያ ገጽ ላይ ጻፈች። ተነሣች። ውሃ ጠጣች። ተቀመጠች። ራሱን ዣኖ ያለ የማታውቀው ሰው መለሰላት፦ ለሙቀቱ በስተቀኝ ሁለተኛ መለኪያ ስጪው። ሰጠችው። እንሽላሊቱ ብድግ አለ።

ብድግ ባላለ ይሻል ነበር። የሙቀቱ ጫፍ ልክ በጆንያው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሙቀት ሲብስ ተሸካሚው የሚበረታ ሆኖ ቁጭ። ይህን ካሳየሁማ ወንድሜን እኔው ቀበርኩት አለች በሆዷ። ሥዕሉን መልሳ ለዣኖ ላከች።

መልሱ አንዲት መስመር ነበረች፦ «ማዳም፣ እናንተ አገር ጠዋት በስምንት ሰዓት ሙቀቱ አርባ ሦስት ዲግሪ ይደርሳል?»

ደብተሯን ገለጠች። ሙቀቱን የጻፈችው በሐበሻ ሰዓት ነው፤ አባቷ የባቡር ሠራተኛ ሆኖ ከሐበሻ አገር ከመጣ ጀምሮ በቤታቸው እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ነው። የቢሮው ቅጽ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእሷ ስምንት ጠራራ ፀሐይ፣ የቅጹ ስምንት ገና ማለዳ። ብቻዋን ሳቀች፤ ሙቀቱን ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ገፋችው። መስመሮቹ እንደ መቀስ ተላለፉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ወረደ።

ቅዳሜ ሙሴ ጀላሉዲን ጣቱን መስመሮቹ በሚተላለፉበት፣ በመቀሱ ብሎን ላይ አኖረ። «ይህ ስንት ሰዓት ነው?»

«በእኛ አራት ተኩል፣ በእነሱ አሥር ተኩል» አለች፤ ከእንግዲህ አንዱን ብቻ አትልም።

«ከዚህ ወዲያ ጆንያ አይነሣ። አሁንስ አትቀመጪም?»

እሷ ግን ለሙላው ልትነግር በሩን አልፋ ሄዳለች።