«እንደገና ተርጉሚ!»

«ልጄ፣ እንግሊዝኛ ባልችልም ካንሰር የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። እንደገና ተርጉሚ!»

ዛሬ ጠዋት በስልክ እንዲህ የተቆጡኝ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሸምሱ ናቸው።

በኮሮና ምክንያት ጠያቂ ስለማይገባ፣ ሐኪሟ አልጋቸው አጠገብ፣ እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ በስልክ ነበር የማስተረጉመው። (ማስክ አድርጎ ስልክ ላይ መጮህ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው።)

ወንድሞቻቸው «የበሽታውን ስም እንዳትነግሪያቸው» ብለው አስምለውኛል። ስለዚህ ሐኪሟ «ከኩላሊትዎ የወሰድነው ናሙና ብዙ ጊዜ የማያጋጥም የካንሰር ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል» ስትል፣ እኔ «እብጠት ቢጤ ነው» አልኩ።

ሲቆጡኝ አፈርኩ። ሁሉንም እንዳለ ነገርኳቸው። አልተሰራጨም፤ ግን ኩላሊቱ መውጣት አለበት።

«ሌላኛው ጤነኛ ነው?» አሉ።

«ነው ጋሼ። በአንዱ መኖር ይቻላል ትላለች።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለች? ታውጣው! ኩላሊቱም የኔ፣ ፊርማውም የኔ።»

ፈረሙ። ወንድሞቻቸው መናገሬን ሰምተው ይኸው ስልኬን አያነሱም። አያንሱ! ከእንግዲህ ማንንም ሰው ስለ ገዛ በሽታው አልዋሽም።

እናንተስ ለታማሚ ስታስተረጉሙ «ይቺን ዝለሏት» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ዘለላችኋት ወይስ ተናገራችሁ?