እርሜን ላወጣ ወደ ደባርቅ

ከጎንደር የተነሳሁት ተናድጄ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይርጋ ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገልብጦ ሲሞት እኔ አራስ ነበርኩ። ዘመዶቼ «ወተቷ ይደርቃል» ብለው መርዶውን ደበቁኝ፤ ባሌም አብሯቸው ዶለተ። ልጄ ድክ ድክ ማለት ከጀመረ በኋላ አንዲት የሰፈር ሴት መንገድ ላይ «እግዜር ያጥናሽ» ስትለኝ ሰማሁ። ተዝካሩ እንኳን አልፏል። አሁን የምሄደው ደባርቅ ካሉት አባቴ ጋር አልቅሼ እርሜን ላወጣ ነው።

ኮሶዬ

ጎንደር መናኸሪያ ላይ የተለጠፈው ታሪፍ ሌላ፣ ረዳቱ የሚጠይቀው ሌላ። ተጨቃጭቄ ከፈልኩ። ኮሶዬ ላይ አብረውን የተሳፈሩ ወጣቶች ወርደው ገደሉን ከጀርባቸው አድርገው ሰልፊ ሲነሱ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ ሴት ምን ልሠራ እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«የቆየ ቁስል ባይነካካ ይሻላል፣ ልጄ።»

«ካልታጠበ ይመግላል፣ እማማ!» አልኩ። ጮኼ ኖሯል፣ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

ዳባት

ለምሳ ወረድን። ሽሮው እየተንተከተከ ቀረበ፤ ሲቀዘቅዝ ተውኩት። ውጭ ነፋሱ የገብሱን ማሳ ያስተኛዋል። ይርጋ ይህን ብርድ ይወድ ነበር፤ እኔ እጠላዋለሁ።

ደባርቅ

አባቴ ስመውኝ ስለ ዝናቡ አወሩ። ግድግዳው ላይ የይርጋ ፎቶ የለም፣ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

«ሲያዩት እንዳይከፋቸው ቁም ሳጥን ከተትኩት» አለች አክስቴ በሹክሹክታ። «ወንድ አይደሉ? በሆዳቸው ይዘውታል። ደህና ናቸው፣ አትቀስቅሺባቸው።»

ደህና! ሸሚዙ ከላያቸው ሊወድቅ ደርሷል። ፎቶውን አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«አባባ፣ እኔን ደበቁኝ። እርስዎንስ ማን አስለቀሰዎ?»

ፎቶውን በጣታቸው ዳበሱት። «መቃብሩ አፋፍ ሳልደርስ ‘ይበቃል፣ ይበቃል’ ብለው ያዙኝ» አሉ። «ምኑ ነው የበቃኝ? ገና ምኑን አለቀስኩና?»

ከዚያ «ይርጋዬ!» ብለው ጮኹ። እኔም ጮህኩ፤ ደረቴን መታሁ። አክስቴ ሮጣ መጣች። «ይተዉ፣ በእግዜር! ጎረቤት ይሰማል!»

«ይስማ! ልጄ ነው!»

ጎረቤትም ሰምቶ መጣ። ዝም ሊያሰኙን የገቡት ሴቶች አብረውን አለቀሱ። በማግስቱ ቁርስ ላይ አባቴ፣ ይርጋ ቃሪያ በልቶ እንዴት እንደሚያስነጥስ እያወሩ ሳቁ። ደግመው እንጀራ ቆረሱ። ፎቶውን ራሳቸው ሰቀሉት።

ጎንደር

ሐዘኔ አላለቀም፤ ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ግን አለ። ከሐዘኑ በላይ የጎዳን «ዝም በሉ» መባሉ ነው። ባሌ በሩን ከፍቶ ፊቴን አየና «እፎይ፣ አሁንስ ወጣልሽ? ከእንግዲህ አናነሳውም» አለኝ።

«እናነሳዋለን» አልኩት። «ቁጭ በል። ስለ ወንድሜ ላወራህ ነው።»