ክርስትና ያላነሳኋት ልጅ

ዩኒቨርሲቲው ሊከፈት ነው በሚባልበት ሰሞን እንጅባራ ነበር የምሠራው። የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አንዲት ድንች ነጋዴ ጎረቤት ነበረችኝ፤ ባሏ ከጫግኒ እህል የሚያመላልስ መኪና ይነዳል። ብቻዬን ስለምኖር እሑድ እሑድ ምሳ ትልክልኝ ነበር። ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሕፃኗን እንደታቀፈች መጣች።

«ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ክብር ነው፤ የክርስትና እናት ከሥጋ ዘመድ አታንስም። እሺ ብል የሚጠረጥረኝ አልነበረም። በክብረ በዓል ነጠላዬን አጣፍቼ ከሰው ጋር እሄዳለሁ። ግን በሕፃኗ ፈንታ ሰይጣንን የምትክደው፣ ሃይማኖቷንም የምትመሰክርላት የክርስትና እናት ናት። የማላምንበትን በልጅ ስም መመስከር አልሆነልኝም።

«አልችልም» አልኳት።

መጀመሪያ የወር አበባዬ የሚመጣበት ቀን መሰላት። እንዳልሆነ ስነግራት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጴንጤ ሆነሻል?»

«አልሆንኩም። ምንም አይደለሁም፤ አላምንም።»

«በታቦት?»

«በእግዚአብሔርም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ከሃዲ ነሽ ማለት ነዋ» አለች። ስትሰድበኝ አልነበረም፤ ስም እየፈለገችልኝ ነው። እኔም የተሻለ አልነበረኝም። መጻሕፍት «ኢአማኒ» ይላሉ፤ እሷ ፊት ግን የመሥሪያ ቤት ቃል ይሆናል። ከሃዲ እያወቀ የሚክድ ነው፣ እኔ የለም ብዬ አልምልም፣ አለ ብዬ ማመን ነው ያቃተኝ አልኳት።

«ደህና አደርሽ ስልሽ እግዚአብሔር ይመስገን ትዪ የለ?»

«ሰላምታው እንዲያ ስለሆነ ነው።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ግምጃ ቤት የምትባለው ከተማ ሳድግ እጾም ነበር፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም ዘምሬያለሁ። ክፉ ነገር ደርሶብኝ አይደለም። እየቆየ ስጸልይ ከራሴ ጋር የማወራ ይመስለኝ ጀመር፤ በኋላ ተውኩት።

«ታዲያ ስትታመሚ ማንን ትጠሪያለሽ?»

«አንቺን።»

ሳቅ አመለጣት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ እሱን ነው የምጠራው» አለችና ልጇን ይዛ ወጣች።

ክርስትናውን ያነሳችው ከዳንግላ የመጣች እህቷ ናት። በድግሱ ቀን ሳህን ሳጥብ ዋልኩ። ቄሱ እየዞሩ መስቀል ሲያሳልሙ እኔ ጋ ደረሱ፤ ሰው እያየ ስለነበር ተሳለምኩ። እሷም አየችኝ። የነገርኳትንም ለማንም አላወራችም።

የእሑዱ ምሳ አልቀረም። ልጅቷን ግን እኔ ጋ ትታት አትሄድም ነበር፤ ገበያ ስትወጣ ራቅ ያለች ጎረቤት ዘንድ ታስቀምጣታለች። ይህን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። አልጠየቅኋትም። ልጅቷ በእግሯ መሄድ ስትጀምር ማንም ሳይልካት እኔ ቤት ትገባ ጀመር። እናቷ ከደጃፏ ሆና ትጠራታለች፤ ሥራ ሲበዛባት ደግሞ ዝም ትላለች።