ኦርሳኒዋ ውስጥ ያፈሰስኩት ጸበል

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለልጄ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም በየጾሙ ስናዘዝ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ዘርዝሬ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ዘልያት ነው የምነሳው። ዛሬ የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ቤቴ የመጣ አንድ ሰው ያደረገውን አይቼ ደንግጬ ነው። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። የምታነቡኝ ሰዎች፣ ጽሑፌ ባያምር ታገሡኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም።

የምኖረው አቃቂ ነው፣ ከድሮው ባቡር ሐዲድ ማዶ። ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ያለኝ ልጅ አንድ ነው፣ ቢንያም። ፈሪ ሴት ነኝ። ምስር ለቅሜ ከጨረስኩ በኋላ ድንጋይ አምልጦኝ እንደሆነ ብዬ እንደገና እለቅማለሁ። ምድጃ ማጥፋቴን ለማየት ከመንገድ እመለሳለሁ። ልጄ ትንሽ ሲዘገይ ስልኬን በእጄ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። ሰው «ጠንቃቃ ናት» ይለኛል። እኔም ጥንቃቄዬን እንደ ጽድቅ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ጥንቃቄዬ ሰው ሊያጠፋ እንደሚችል ማን ነገረኝ?

ቢንያም መካኒክ ነው። ያኔ የሚሠራበት ጋራዥ ከቤታችን ሩቅ አልነበረም፤ ምሳውን እኔ እወስድለት ነበር። አንድ ቀን ስሄድ ግቢው ውስጥ ሸራ የለበሰች መኪና ቆማለች። ልጄ እጄን ይዞ ወሰደኝና ሸራውን ገለጠው።

«እማዬ፣ ተዋወቂያት። ኦርሳኒ ትባላለች።»

ልክ እንደ ሰው ነው ያስተዋወቀኝ። ቀለሟ እንደ ወይን ጠጅ ጥቁር ቀይ ነው። መሬቱን ልትነካ ምንም አልቀራት። አፍንጫዋ ላይ ከብር የተሠራች ትንሽ ንብ አለች። ባለቤቷ እዚሁ ቃሊቲ የብረት ፋብሪካ ያለው ሀብታም ነው፤ ከውጭ አስመጥቷት ብልሽት ስላጋጠማት ለእነ ቢንያም ሰጣቸው። የሚሠሩባት ሁለት ነበሩ፣ ልጄና ጌታሁን። ጌታሁን በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ለልጄ ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው። ያን ቀን ምሳ ዕቃዬን የማስቀምጥበት ሳጣ አይቶኝ ከመኪናዋ ሥር ጮኸ።

«እትዬ አስካለ፣ ኮፈኖው ላይ እንዳያስቀምጡት! ይቺ ጋራዥ ከእኛ ጋር ተደምራ ብትሸጥ የእሷን አንድ በር አትገዛም!»

ሳቅን። ልጄ ውስጥ አስገብቶ አስቀመጠኝ። ይህንንም ልናዘዝ፤ ወደድኳት። ወንበሩ እንደታቀፈ ሕፃን ያዘኝ። ቆዳው አዲስ መጽሐፍ ቅዱስ ይሸታል። ልጄ ሞተሩን ሲያስነሳው ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ ነው የገባው። በአጥር ቀዳዳ የሚያዩኝ ነበሩ፤ እንዲያዩኝም ፈለግሁ።

ከዚያ በኋላ እራት ላይ ወሬያችን እሷ ብቻ ሆነች። ቢንያም ታሪኳን ከስልኩ እያነበበ ይነግረኝ ነበር። ኢጣሊያ አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ብስክሌት እየጠገነ የሚኖር ሰው ነበር። ሲሞት ሚስቱ የሱቁን ቁልፍ ለትልቁ ልጇ ሰጠችው። ትልቁ ብስክሌቱን ተወና ከተጣሉ መኪኖች ሞተርና ብረት እየለቀመ የራሱን መኪና ሠራ። ታናሹ ነዳት። በየእሽቅድምድሙ ሀብታሞቹን እየቀደመ ስማቸውን አስጠራ። አንድ ቀን ግን ታናሹ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪናዋን ማቆም አቅቶት ሞተ። ቢንያም ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም። ወደሚወደው የታሪኩ ክፍል ለመድረስ ቸኩሏል። ትልቁ ወንድም ሱቁን ዘጋ። እንደገና ሲከፍተው እናቱ በሩ ላይ ቆማ፣ «አሁን የምትሠራት መቆም የምታውቅ ትሁን» አለችው አሉ። ከዚያ ወዲህ ማንኛዋም ኦርሳኒ ፍሬኗ ሳይፈተን ከፋብሪካው አትወጣም። ሞተሯን አንድ ሰው ብቻውን ጀምሮ ብቻውን ይጨርሰዋል። ወንበሯ በእጅ ይሰፋል። ንጉሥ ገዝቷታል፣ ዘፋኝ ገዝቷታል፣ ገንዘብ ያለውም ተራ ይጠብቅላታል።

«መሮጥማ ሁሉም ይሮጣል፣ እማዬ። እሷ ግን እየበረረች ቁሚ ስትያት ትቆማለች። ሰው የሚያብድላት ለዚህ ነው።»

ልጄ የሚነግረኝ ስለ ክብርና ስለ ሙያ ነበር። እኔ የሰማሁት ምንድን ነው? ያቺን እናት ብቻ ሰማሁ። ስሟን እንኳ አልነገረኝም። ቁልፉን በእጇ የሰጠች፣ አንዱን ልጇን ሌላው በሠራው መኪና የቀበረች ሴት። ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት።

ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ «ቅዳሜ በፍጥነት መንገዱ ላይ ሞክሯት» አለ። የሚነዳት ቢንያም ሆነ። ለመንኩት። አለቀስኩ።

«አንቺ ባጃጅ ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ የምትሄጂ ሴት!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

ዓርብ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ዘንቢሌ ውስጥ ከምሳ ዕቃው ሥር ጸበል የሞላ ሃይላንድ ነበር። ሁሉም ጓሮ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ሸራውን ገለጥኩ። ጎማዎቿን ረጨሁ። አፍንጫዋን ረጨሁ። እዚህ ላይ ባቆም ማንም አይቀየመኝም ነበር፤ መኪና ጸበል ማስረጨት እኛ ዘንድ ያለ ነው። እኔ ግን አላቆምኩም። በጎኗ ያለችው ትንሽ ክዳን ጫን ሲሏት እንዴት እንደምትከፈት ልጄ አሳይቶኝ ነበር። ጫን አልኳት። የሰልባቲዮውን፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያውን መዝጊያ ፈታሁ። አማተብኩና አፈሰስኩ። ሃይላንዱ ባዶ እስኪሆን አፈሰስኩ። መልሼ ዘጋሁ፣ ሸራውን አለበስኳት፣ ወደ ጓሮ ሄጄ «ብሉ እንጂ፣ ምነው ወጡን ተዋችሁት?» አልኳቸው።

አላወቅኩም ነበር ልበላችሁ? ያልተማርኩ ሴት ነኝ፣ ጸበል መኪናን ከውስጥ የሚባርክ መስሎኝ ነው ልበል? ይህን ለራሴ ዓመታት ብዬዋለሁ። ውሸት ነው። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ላይ የኖረ ሰው ነው። «ሰልባቲዮ ውስጥ ውሃ የገባ ዕለት መኪናው ሬሳ ነው» ሲል እየሰማሁ አርጅቻለሁ። አውቅ ነበር። ያፈሰስኩት እንድትባረክ ሳይሆን እንድትሞትና ግቢው ውስጥ እንድትቀር ነው። ታዲያ ጸበሉ ለምን አስፈለገኝ? ተራ ውሃ ብይዝ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። ክፋቴን በተቀደሰ ነገር ጠቅልዬ ከራሴ ደበቅሁት።

እሷ ግን ግቢ ውስጥ አልቀረችም። ማታ ቢንያም ደስ ብሎት ገባ። «አስነስተን ግቢውን አዞርናት፤ ሰዓት ነው የምትመስለው!» አለኝ። እዚህ ካልቆመች መንገድ ላይ ትቆማለች ማለት ነው። ስንት መኪና በሚበርበት መንገድ!

ምን አደረግሁ? እውነቱን ተናገርኩ? ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሊወጣ ሲል ደረቴን ይዤ ወንበሩ ላይ ወደቅሁ። «ልቤን!» አልኩ። ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩን አውጥቶ ለጌታሁን ደወለ። እናቴን ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነው፣ አንተ ንዳት አለው። የጌታሁን ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

«አንተ እናትህን ያዝ፣ እኔ እሷን እይዛለሁ! አይዞሽ በላት!»

ያን ጊዜ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «አትነዷት።» ስልኩ አጠገቤ ነው፣ አፌ አልታሰረም። በእኔ ልጅ ቦታ የሌላ እናት ልጅ እንደሚቀመጥ አላሰብኩም? አስቤያለሁ። አስቤው ዝም አልኩ። ውሃ ማፍሰሴን ፍርሃት ነው በሉት። ይህን ግን ምን ትሉታላችሁ?

ነርሷ ግፊቴን ለክታ «ደህና ነዎት እማማ» እያለችኝ የልጄ ስልክ ጠራ። ኦርሳኒዋ ከቱሉ ዲምቱ መግቢያ አልፋ ብዙም ሳትርቅ ሞተሯ በድንገት ጠፍቶ መሀል መንገድ ላይ ቀርታለች። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ገጭቷታል። ጌታሁን አልሞተም። ቀኝ እግሩን ግን ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም፤ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ቤንዚኑ ሲመረመር ውሃ ተገኘበት። ያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ፣ በየመንደሩ በሃይላንድ የሚሸጥ ውሃ የተቀላቀለበት ነገር ነበር። ዓርብ ጠዋት ያስሞላው ጌታሁን ነው። ወረፋው መንገዱን ዘግቶ ሳለ እሱ ቶሎ ተመልሶ ነበር። «ማደያው ውስጥ የማውቀው ልጅ አስገብቶኝ ነው» አለ። ማን ይመነው? ከመንገድ ላይ ውሃ የተቀላቀለበትን በርካሽ ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ኪሱ ከተተ ተባለ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከሥራ ተባረረ። እግሩን ያጣው ሰው ሌባ ተባለ።

ልጄም ሌባ አለው። «እኔ ነበርኩ እዚያ ውስጥ የምሆነው፣ እማዬ! በገዛ ጓደኛዬ እጅ ልሞት!» አለኝ። ሊጠይቀው አልሄደም። መንገድ ላይ ሲያየው ይሻገራል። እኔ ከፊቱ ተቀምጬ ድንች እልጥ ነበር። ቢላዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።

ዓመታት አለፉ። ጌታሁን አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ቁጭ ብሎ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠግናል። በዓል ሲመጣ ዶሮ አስይዤ እልክለት ነበር። ሚስቱ «እንደ እርስዎ ያለ ደግ ሰው የለም» ብላ ትደውልልኛለች። ይህንንም በጆሮዬ ሰምቼ፣ አመስግኜ ስልኩን ዘግቻለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጌታሁን ክራንቹን ተደግፎ ቆሟል። ደርሶበታል ብዬ አሰብኩ። ግባ አልኩት። ዓይኔ አንድ ጫማው ላይ መቅረቱን አይቶ ሳቀ።

«አዲስ ናት እትዬ። ሌላዋን ለስኮርታ አስቀምጫታለሁ፣ ጎማ ቢፈነዳብኝ ብዬ።»

መሳቅ አልቻልኩም። እሱም ሳቁን ተወና አንገቱን ደፋ።

«እትዬ አስካለ፣ እሑድ ልቆርብ ነው። የነፍስ አባቴ መጀመሪያ ያስቀየምከውን ሰው ሁሉ ታረቅ ብለውኛል። ከሁሉ ያስቀደምኩት እርስዎን ነው።»

«እኔን?» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

«ማርያምን፣ ከማደያ ነው ያስሞላሁት። ግን ማደያውም ቀላቅሎ እንደሆነ ምን አውቃለሁ? አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ባየው ኖሮ ይለይ ነበር። ሙያዬ አይደል? አላየሁም። ያን ቀን እርስዎን ባያምዎት ቢኒ ነበር የሚነዳት። ያለዎት አንድ ልጅ ነው። በእኔ ስንፍና ሊያጡት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ይህን ብሎ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈና፣ በአንድ እግሩ እየተንገዳገደ ወረደ። ጉልበቴን ያዘ። ጉልበቴን ሳመው።

እኔ ምን አልኩ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ እግሩ ሥር ወደቅሁ? አልወደቅሁም። እጄን ራሱ ላይ አደረግሁና፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ልጄ» አልኩት። አልኩት! እኔ፣ ጌታሁንን፣ ይቅር አልኩት! ፊቱ በራ። ሸክም የወረደለት ሰው ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እያመሰገነኝ ሄደ። እኔ በሩን ይዤ ቀረሁ።

ሃይላንዱን ያፈሰስኩበትን ቀን በፍርሃት ላመካኝ እችላለሁ። ዝምታዬንም በልጄ ላመካኝ እችል ይሆናል። የማክሰኞውን በምን ላመካኝ? ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም። የበደልኩት ሰው የእኔን ኃጢአት ተሸክሞ ቤቴ ድረስ መጣ፣ እኔም አሸክሜ መለስኩት።

ዛሬ ዓርብ ነው። ቢንያም ከሥራ ሲመለስ ይህን ወረቀት እሰጠዋለሁ። ማንበቡን ሲጨርስ የሚያየኝን ዓይን እፈራለሁ፤ ከእስር ይልቅ እሱን እፈራለሁ። ከዚያ ተከትሎኝ ቢመጣም ባይመጣም ከእሑድ በፊት ቱሉ ዲምቱ እሄዳለሁ። ምሕረት ልለምን አይደለም፤ ያን የምጠይቅበት አፍ የለኝም። በሩን ሲከፍትልኝ የምለው አንድ ነገር ነው፦ «ማክሰኞ የሰጠሁህን ይቅርታ መልስልኝ፣ ጌታሁን። አንተ የበደልከኝ ነገር የለም።»