ወንድሜ ያልተረጎመልኝ ቃል

ይህ የደረሰብኝ በ2004፣ የበጋው ሙቀት ሊጀምር ሲል ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የምኖረው እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ነው። ጡቴ ላይ እብጠት አግኝቼ ተመረመርሁ፤ ውጤቱን ልሰማ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ሊያስተረጉምልኝ አብሮኝ ሄደ። ለሥራና ለገበያ የሚሆን ዕብራይስጥ አላጣም፤ የሐኪም ቋንቋ ግን ይከብደኝ ነበር። ሐኪሙ ወንድሜን እያየ ብዙ አወራ። "ሳርታን" የምትል ቃል ደጋግሞ ሲያነሳ ሰማሁ።

"ምን አለ?" አልሁት ደሳለኝን።

"እባጭ ነው፣ እታለም። በመድኃኒት ያጠፉታል።"

አመንሁት።

ያን ሰሞን ጎረቤት ይጎርፍ ጀመር። ለወትሮው ደጄን ረግጠው የማያውቁ ሴቶች ምግብ ሠርተው ያመጣሉ፤ አቅፈውኝ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እኔ ሞኟ፣ ለእባጭ ይህን ያህል የሚጨነቅ ወገን አለኝ ብዬ ደስ አለኝ።

አሽዶድ ያኔ ሆስፒታል አልነበራትም። ደሳለኝ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ወስዶኝ፣ የመድኃኒቱ መርፌ ከተሰካልኝ በኋላ ወደ ሥራው ሄደ። አጠገቤ ራሷን በሻሽ ያሰረች ሴት እንደኔ መድኃኒት እየወሰደች ነበር። ዣክሊን ትባላለች፤ ከሞሮኮ የመጣች፣ የአሽዶድ ሮቫ አሌፍ ሰው ናት።

"ያንቺ ሳርታን የት ነው?" አለችኝ።

"ሳርታን ምንድን ነው?"

የቀለድሁ መስሏት ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። እጄን ይዛ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ።

ለካስ ነቀርሳ ኖሯል!

አላለቀስሁም። ተናደድሁ እንጂ። በገዛ ገላዬ ላይ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ አውቆት እኔ ብቻ አላውቀው! ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ምን እንደገደለኝ ሳላውቅ፣ ልጆቼን ሳልመክር ልቀበር ነበር?

ቤት እንደገባሁ ደሳለኝን አስጠራሁት።

"ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። "በእኛ ወግ ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ?"

"መርዶማ ሰው ሲሞት ነው! እኔን ቆሜ እያየኸኝ መርዶ ትላለህ?"

ለቀጣዩ ቀጠሮ ዣክሊን ቤቴ ድረስ መጣችና በኦቶቡስ አብረን ሄድን። ሐኪሙ እንደ ልማዱ ወንድሜን በዓይኑ ሲፈልግ፣ "በሽተኛዋ እሷ ናት! ለእሷ ንገራት!" ብላ ጠረጴዛውን መታችው። ሰውየው ደነገጠ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ በቀላል ቃል ሁሉንም ነገረኝ። ቶሎ ስለተደረሰበት ልድን እንደምችልም አስረዳኝ። "ይህን እኮ መጀመሪያውኑ ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ" ሲለኝ ግን ዳግመኛ ነደድሁ። ደሳለኝ ክፉውን ቃል ሲደብቅ ነቀርሳም ይድናል የሚለውን ተስፋ አብሮ ደብቆብኝ ነበር።

ፀጉሬ ሲረግፍ ሻሽ ያሰረችልኝ፣ ምግብ አልወርድ ሲለኝ ሾርባ ይዛ ደረጃ የወጣችው ዣክሊን ናት። እኔ ዳንሁ። እሷን ግን በሽታው ተመልሶ ወሰደብኝ። ሁሉን እያወቀች፣ ልጆቿን ሰብስባ መርቃ ነው የሄደች።

ደሳለኝን ይቅር ብየዋለሁ፤ ወጉን ግን አልማርሁትም። አሁንም ሰዎች "እናታችን ያ በሽታ ይዟታል፣ እባክሽ መጥተሽ አጽናኛት፤ ብቻ ምን እንደሆነ እንዳትነግሪያት" ይሉኛል።

"እንግዲያው አልመጣም" እላቸዋለሁ። "መጀመሪያ ንገሯት። ያኔ ጥሩኝ፣ አብሬያት እቀመጣለሁ።"