ራሽን ያልወጣለት ጂን

ድሬዳዋ ውስጥ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ይወደዳል። እኔም አውቅ ነበር። ባቡር ጣቢያ የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ሰው የሚያውቀኝ በሥራዬ ሳይሆን በአፌ ነበር። ያ አፌ የአንዲት እናት አንድ ልጅ አስበላ። እስከ ዛሬ ነገሩ በተነሳ ቁጥር «ጊዜው ነው፣ ደርግ ነው» እያልኩ አላክኬ ኖሬአለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፣ ማላከኩም ሰልችቶኛል።

ሴትዮዋ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ሻይ ትሸጥ ነበር። የጀልዴሳ ሰው ናት፤ ሁላችንም «አዮ» ነበር የምንላት፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። በአማርኛ የጀመረችውን ወሬ በኦሮምኛ ታጋምሰውና በሶማልኛ ትጨርሰዋለች፤ የሚሰማት ግን አንድም ቃል አያመልጠውም። አንድ ልጅ ነበራት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ከከተማው ጠፋ። ለጠየቃት ሁሉ «ጅቡቲ ገባ» ትል ነበር። ስንት ጎረምሳ በዚያው መንገድ ሄዷልና ማን ይጠራጠራታል? አመናት።

ወደ ሐርላ በሚወስደው መንገድ፣ ኮረብታ ላይ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የድንጋይ ምሽግ አለ። ድሮም ስሙ ክፉ ነው፤ ጂን አለበት ይባላል፣ ቀትር ላይ ማንም አይጠጋውም። አዮ ግን በዚያ ዓመት ታሪኩን አሳመረችው። የጣሊያኑ ሹም ዛሬም ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ወታደሮቹን አሰልፎ ይቆጥራል አለች። ሁልጊዜ አንድ ይጎድለዋል። ያን ጊዜ በአቅራቢያው ያገኘውን ሰው ይወስድና ቁጥሩን ይሞላል። «ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ስትል ብርጭቆ የያዘ እጅ ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ቀበሌዎች ለጦር ሜዳ ለሚልኩት ሰው ኮታ በነበረበት ዘመን፣ ይህን ቁጥር የሚሞላ ሹም ከየት እንዳመጣችው ልጠረጥር ይገባኝ ነበር። እኔ የማስበው እንዴት እንደምተርባት ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ጂን አለመኖሩን አይቼ ልመጣ ተነሳሁ። ከጥገና ክፍል አንድ መካኒክ ጓደኛዬን ይዤው ሄድኩ። እሱ ቢስሚላህ ሳይል በር የማይከፍት ሰው ነው። «ሬሳህን ተሸክሞ የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል» ብሎ ነው የተከተለኝ። ዳገቱን ስንወጣ ፀሐይዋ ከረረች፣ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣበቀ፤ ምሽጉ በር ስንደርስ ቀትር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጓደኛዬ አልገባም ብሎ ደጁ ላይ ቆመ።

ገባሁ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ለጠመንጃ አፈሙዝ በተተዉት ቀዳዳዎች ትንሽ ብርሃን ይገባል። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የሌሊት ወፍ ኩስና የዛገ ሽቦ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ግን ተጠርጓል። ሰሌን ተነጥፏል፣ ውሃ የያዘ ጀሪካን ጥግ ላይ ቆሟል፣ ታጥፎ የተቀመጠ ሸሚዝ አለ፣ ከጎኑ ምላጭ። የሻይ ብርጭቆም ነበር። አንስቼ ሳየው ሥሩ ላይ ያልሟሟ ስኳርና የቀረፋ ስባሪ አለ፤ ስኳሩ ገና አልደረቀም። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ጀርባ አንድ ሰው ሳለ። አፉን በእጁ ይዞ እንደሚያፍን ሰው፣ አጭር ሳል።

እኔ ጂን የለም ባዩ፣ እግሬ አውጪኝ ብዬ ፈረጠጥኩ። በሩ ላይ ስወድቅ ጓደኛዬ ከሳቁ ብዛት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ስለ ብርጭቆው ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ።

«ጂን ስኳር አያማስልም» አለኝ። «ሰው ነው የተደበቀው። አላየንም፣ አልሰማንም። እሺ?»

እሺ አልኩት።

እሺታዬ ከሰኞ ጠዋት አላለፈም። ሌሊቱን የከነከነኝ የተደበቀው ሰው አይደለም፤ ሮጬ መውደቄ ነው። ጓደኛዬ ቢያወራብኝስ? እሱ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም፣ ግን ሰው ሌላውን በራሱ ይለካል። ቀድሜ እኔ ላውራው ብዬ አዮ ዘንድ ስደርስ ጓደኛዬን ጨምሮ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ። በዚያ ዘመን ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ዞር ዞር ብሎ ማን እንዳለ ያያል። እኔ ያየሁት ማን ሊስቅልኝ እንደሚችል ነበር።

ጂናችሁን አገኘሁት አልኳቸው። ሰሌን አንጥፎ ይተኛል፣ ጢሙን በምላጭ ይላጫል፣ ሻዩን በቀረፋ ይጠጣል። መሮጤን አላነሳሁም።

«እኛ ለስኳር ስንሰለፍ እሱ ሁለት ማንኪያ ይጨምራል! ቀበሌ ይመዝግበው እንጂ፣ ራሽን ይውጣለት!»

ሳቅ ሆነ። አንዱ ሻይ ትን አለው። ጓደኛዬ ብርጭቆውን ሳይጨርስ አስቀምጦ ሄደ። አዮ አልሳቀችም፤ ተረብኳትና ተናደደች ብዬ ደስ አለኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቀልዴ ምሳ ሰዓት ላይ የከዚራን ሰፈር አዳረሰ፣ ማታውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ገባ። በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው የራሴኑ ቀልድ ለኔው ነገረኝ። ስኳሩን ረስቶት ስለነበር አረምኩት። ይህን ሳስታውስ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ረቡዕ ጠዋት የታጠቁ ሰዎች ኮረብታውን ወጡ። አንድ የገረጣ፣ ፀጉሩ ያደገ ልጅ ይዘው ወረዱ፤ ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ጋር በመኪና ጭነው ወሰዱት። የማን ልጅ እንደሆነ ማታ ሰማሁ። ለካ ስምንት ወር ሙሉ ሻዩን ስትቀዳለት የኖረችው አዮ ናት። ያ የሚቆጥረው ጣሊያንም የልጇ ዘበኛ ኖሯል።

ከሳምንት በኋላ ወደ ሻይዋ ተመለሰች። ለኔም እንደ ሌላው ሰው ቀዳችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ጣቢያው በጓሮ በር መግባት ጀመርኩ። ይቅርታ ልጠይቃት በየቀኑ አስባለሁ፣ በየቀኑ ለነገ አሳድረዋለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ልጁ ከሰሜን ጦር ግንባር እንደማይመለስ መርዶ መጣ። ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ ለቅሶ ወሰደኝ፤ ብቻዬን እንደማልሄድ ያውቃል። ሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። አየችኝና ና እዚህ ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«አዮ፣ አላወቅኩም ነበር» አልኳት። ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

አልተቆጣችም። ድምጿም ከፍ አላለም።

«አትዋሸኝ ልጄ። ሰሌን አልክ፣ ምላጭ አልክ፣ ቀረፋ አልክ። ከዚያ ፊቴን አየህና ዝም አልክ። ገባህ። አላህ አፉን ዘጋልኝ ብዬ አመሰገንኩ። ወዲያው አንዱ ‹እሺ፣ ከዚያስ?› አለህ።»

እውነቷን ነው። አንዱ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለኝ። የእናትነት ፊቷን አይቼዋለሁ፣ ማን ምሽጉ ውስጥ እንዳለም በዚያች ቅጽበት ገብቶኛል። ግን ሁሉም አፍ አፌን እያዩ ነበር፤ ቀልዱን ጨረስኩላቸው።